ሳይቃጠል በቅጠል፣ ሐምሌ ሳይገባ በበጀት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



በየዓመቱ ከሒሳብ ክፍል የሚጠበቀው የገቢና የወጪ ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ ታትሞ በእጃችሁ ስላለ ቁጥሩን እዚህ ቆመን አንደግመውም። ዛሬ የምንናገረው በሪፖርቱ ላይ ስለሌለ ወጪ ነው። ለእሳት አደጋ ስለሚያስፈልግ ገንዘብ። በእኛም መዝገብ ላይ የለም፣ በከተሞቻችንም በጀት ላይ ስንፈልገው ቶሎ አላገኘነውም። ከምሳ በፊት ድምፅ የምትሰጡበት ሐሳብ ስለተያዘ ነገሩን ከመጀመሪያው እናስረዳችሁ።

ባለፈው ዓመት በበጋው ወራት ከሁለቱ ከተሞቻችን በአንዱ፣ ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ፣ የአንዲት አባላችን የልብስ ስፌት ሱቅ ተቃጠለ። የትኛው ከተማ እንደሆነ መናገሩ አይጠቅምም። የገበያውን ጀርባ የምታውቁ ሁሉ በሌላውም ሊደርስ ይችል እንደነበር ታውቃላችሁ። እሳቱ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ከጎረቤት ሱቅ ተነሣ። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ ስለሆነ ከአንዱ ወደ አንዱ ለመሸጋገር ጊዜ አልፈጀበትም። በቧንቧው ውሃ አልነበረም፤ የሰፈሩ ተራ ገና ነበር። ከየቤቱ ጀሪካን ወጣ። ለነገ ሊጥ፣ ለነገ ቡና የተቀመጠ ውሃ ሁሉ ተደፋ። አፈርም ተበተነ።

የእሳት አደጋ መኪና አልመጣም አንልም፣ መጥቷል። ነገር ግን ወደ መንገዷ መግባት አልቻለም። ያገደው ሸራ የተወጠረበት የጉሊት መደብ ነበር። ከመደቦቹ አራቱ ደግሞ የእኛው አባላት ናቸው። ሸራው እስኪነሣ፣ ቋሚ እንጨቱ እስኪነቀል ድረስ አምስት ሱቅ ወደመ። ፈጣሪ ይመስገን፣ የሞተ ሰው የለም።

በማግስቱ መዝገብ ይዘን ሄድን። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ኦቨርሎክ፣ ለበዓል የታዘዘ ልብስ፣ የደንበኞች ጨርቅ። አባላችን ከማኅበሩ ከወሰደችው ብድር ገና 38 ሺህ ብር ይቀራት ነበር። ሱቁ ሲቃጠል ብድሩ አልተቃጠለም። ከመረዳጃ ፈንዱ 15 ሺህ ብር ሰጠናት፣ የብድሩንም ጊዜ አራዘምንላት። ከዚያ በላይ ለመስጠት መተዳደሪያ ደንባችን አይፈቅድም ነበር። ለሐዘን፣ ለወሊድ፣ ለሕመም የሚል አንቀጽ አለን። ለእሳት የሚል የለንም። ይህን የምንነግራችሁ አባላችን ፈቅዳልን ነው፤ እዚሁ መካከላችን ተቀምጣለች።

በዚያ ሳምንት በየቡናው ላይ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነበር። «ግብር እንከፍላለን፣ መዋጮ እንከፍላለን፣ ገንዘቡ የት ይገባል?» ጥያቄው ትክክል ነው። ልክ ያልነበረው ሰዓቱ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሆነብን። በጀቱ የጸደቀው ከወራት በፊት ነው። ሲጸድቅ ማናችንም አልነበርንም፣ ይህን ጥያቄ ያነሣም ሰው አልነበረም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ላይ የተነሣውን እሳት ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ መርካቶ የሚሠራ ወንድም፣ ባል ወይም ልጅ የሌላት ሴት ብትፈለግ መገኘቷ ያጠራጥራል። መርካቶ ሲነድ ወልቂጤና ቡታጅራ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። በዚያ ሌሊት ስልክ ስንደውል አድረናል። ዕድሜ ልክ የተለፋበት ዕቃ በአንድ ሌሊት ወድሟል። አዲስ አበባ የራሷ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን አላት፣ 939 ተብሎ የሚደወልበት ስልክ አላት፣ ከእኛ ጋር የማይወዳደሩ መኪኖች አሏት። ያም ሆኖ መኪኖቹ በመንገዱ ጥበትና በአካባቢው መጨናነቅ የተነሣ ለመግባት መቸገራቸውን ባለሥልጣናቱ ራሳቸው ተናግረዋል።

ከዚያ በኋላ በየታክሲው የሰማነው ክርክር ብዙ ዓይነት ነበር። ስለ እሳቱ መነሻ የተወራውን እንተወው፤ ማስረጃ ሳይያዝ ማውራት ማንንም አይጠቅምም። ለእኛ የሚጠቅመው ስለ ገንዘቡ የተነሣው ክርክር ነው። አንዱ ወገን «ለመንገድ ዳር መብራትና ለእግረኛ መንገድ ይህን ያህል ሲወጣ ለእሳት ምን ወጣ?» ይላል። ሌላው ወገን «መንገድ ካልሰፋ መኪና ቢገዛስ በየት ይገባል? መንገድ ማስፋቱ ራሱ እሳት መከላከል ነው» ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሰፊ መንገድ ያለ ውሃ እሳት አያጠፋም፣ ውሃ የሞላ መኪናም ጠባብ መንገድ አፍ ላይ ቆሞ እሳት አያጠፋም። የእኛን ሌሊት ያያችሁ ይህን ማንም ሊነግራችሁ አያስፈልግም።

ሀብታም አገር ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር የምትሉ ትኖራላችሁ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 29 ቀን፣ አገራችን ገናን በምታከብርበት ዕለት፣ በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ከተማ ዳርቻ ሰደድ እሳት ተነሣ። በኃይለኛ ነፋስ ተገፍቶ ሰፈር ውስጥ ገባና ከ16 ሺህ በላይ ቤቶችንና ሕንጻዎችን አወደመ፣ 30 ያህል ሰዎችም ሞቱ። በአንዱ ሰፈር እሳት አጥፊዎቹ ከመንገድ ዳር መቅጃ ውሃ ለመሳብ ሲሞክሩ ቧንቧው ደረቀባቸው። ሰፈሩን የሚመግቡት ሦስት ታንከሮች እያንዳንዳቸው 3.8 ሚሊዮን ሊትር ያህል ይይዙ ነበር፤ ከሚሞሉበት ፍጥነት ይልቅ የሚቀዱበት በልጦ አለቁ። በአቅራቢያው ያለው 440 ሚሊዮን ሊትር ያህል የሚይዘው ትልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ ደግሞ ለጥገና ተብሎ ከወራት በፊት ጀምሮ ባዶ ነበር። ሞልቶ ቢሆን እሳቱን ያቆመው ነበር ለማለት አይደለም። ነገር ግን ባዶ መሆኑ እሳቱ ከመነሣቱ በፊት በወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ክርክር እኛ የሒሳብ ሰዎች በተለየ ጆሮ ሰማነው። የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ እሳቱ ከመነሣቱ ከአንድ ወር በፊት የትርፍ ሰዓት ክፍያ በ7 ሚሊዮን ዶላር መቀነሱ ሥራውን እንደጎዳው በጽሑፍ አመልክተው ነበር። የከተማው አስተዳደር ደግሞ አዲሱ የደመወዝ ስምምነት ሲደመር በጀቱ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም አለ። በየካቲት 2017 ኃላፊዋ ከሥራ ተነሡ። አንዱ ውሸታም፣ አንዱ እውነተኛ መስሎ የታየው ሰው ብዙ ነው። መዝገብ ለሚያነብ ግን ሁለቱም አብረው እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ደመወዝ ሲጨምር ጠቅላላው ድምር ያድጋል፤ በዚያው ጊዜ ሥራውን የሚያንቀሳቅሰው ገንዘብ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ «በጀቱ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። «ከውስጡ የትኛው መስመር ስንት ነው?» ማለት ያስፈልጋል።

እስቲ ይህን ወደ ቤታችን እናምጣው። የከተማ በጀት እንደ ቤት ወጪ ነው። አንዱ ዕቃ የሚገዛበት ነው፤ እሱን ካፒታል በጀት ይሉታል። ሌላው በየወሩ የሚወጣው ነው፤ እሱን መደበኛ በጀት ይሉታል። መደበኛው ደግሞ ለሁለት ይከፈላል፤ ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ። የእሳት አደጋ መኪና የሚገዛው በካፒታል ነው። መኪናው ሌሊት ተነሥቶ የሚደርሰው ግን በሥራ ማስኬጃ ነው። ነዳጅ፣ ጎማ፣ ባትሪ፣ የፓምፕ ጥገና፣ የውሃ ጎማ መቀየሪያ፣ የእሳት አጥፊው ልብስና ጫማ፣ ሥልጠና፣ የሌሊት ተረኛ አበል፣ ሁሉም ከዚያ ነው። ምጣድ ገዝቶ የመብራት መክፈያ ያላስቀመጠች ሴት እንጀራ አትጋግርም።

መኪና አለን ማለትም ውሃ አለን ማለት አይደለም። 10 ሺህ ሊትር የያዘ መኪና በደቂቃ 1 ሺህ ሊትር ቢረጭ በ10 ደቂቃ ባዶ ይሆናል። ያ በእኛ መለኪያ 500 ባለ ሃያ ጀሪካን ነው። ከዚያ በኋላ የት ሄዶ ይቀዳል? እየተቀዳ ሳለ የሚነደው ሱቅ የማነው?

የውሃን ነገር ለወልቂጤ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የካቲት 10 ቀን 2015 ዓ.ም. በወልቂጤ ውሃ አጣን ብሎ ሕዝብ በወጣበት ዕለት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ስለ ጉዳዩ መግለጫ አውጥቷል። ይህን የምናነሣው የማንንም ቁስል ለመነካካት አይደለም። ውሃ ለመጠጥ ብቻ ሳይሆን ለእሳትም መሆኑን ለማስታወስ ነው። ስለ ውሃ በጀት ሲወራ ስለ እሳት በጀትም እየተወራ ነው። አንድ ሰፈር ውሃ በተራ በሚያገኝበት ከተማ፣ እሳት ተራ ጠብቆ አይነሣም።

ሩቅ መስሎ የሚታየውን የጫካ እሳትም አንርሳ። በ2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣውን እሳት ለማጥፋት ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ ባለሙያዎች ከእስራኤል መምጣት ነበረባቸው። የአካባቢው ገበሬና ወጣት በቅጠልና በአፈር ሲታገል ከሰነበተ በኋላ ማለት ነው። ርዳታው ያስመሰግናል። ከጎረቤት የሚመጣ ርዳታ ግን መንገድ ላይ ሳለም እሳቱ እንደሚሠራ ማወቅ ጥሩ ነው።

እንግዲህ «መንግሥት አላወቀም» ማለት አይቻልም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲና ስትራቴጂ ዋና ቁም ነገሩ፣ አደጋ ከደረሰ በኋላ ከመሯሯጥ ይልቅ አስቀድሞ ስጋትን መቀነስ ነው። እናቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉትን በወረቀት አስፍሮታል። ወረቀቱ ግን ገንዘብ የሚሆነው በየከተማው በጀት ላይ መስመር ሲያገኝ ነው።

የፌዴራሉ መንግሥት በጀት ለ2017 ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ብር፣ ለ2018 ሲጸድቅ ደግሞ 1.93 ትሪሊዮን ብር ነበር። ይህን ቁጥር በሬዲዮ ስንሰማ ወይ እንደነግጣለን ወይ እንስቃለን። የገበያችን ጀርባ እሳት ግን በዚያ ቁጥር ውስጥ ብንፈልገው አናገኘውም። እሱ ያለው የከተማችን ምክር ቤት በሚያጸድቀው ሰነድ ጥቂት ገጾች ላይ ነው። ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ስለሆኑ የምንጠይቀው ሁለት የተለያየ አስተዳደር ነው፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው።

ከእሳቱ በኋላ እኛም ወደሚመለከተው ቢሮ ሄደን ነበር። የተቀበሉን ሠራተኛ በትሕትና አስተናገዱን። «ለእሳት የተመደበውን አሳዩን» ስንል የጠቅላላ ተሽከርካሪዎችን የነዳጅ ወጪ አሳዩን። የእሳት አደጋ መኪናው ነዳጅ ከስብሰባ መኪናው ነዳጅ ጋር በአንድ መስመር ተጽፏል። ማንም ሰርቆ አይደለም። ነገር ግን በአንድ መስመር የተጻፈ ገንዘብ ቀድሞ የጠየቀው ይወስደዋል። እሳት ደግሞ ደብዳቤ ጽፎ አይጠይቅም።

የከተማን በጀት መጠየቅ ድፍረት ወይም ፖለቲካ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አይደለም። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ዜጋ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። የበጀት መረጃ በሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ሕዝብ እንዲያየው፣ ወጪውም በውይይት እንዲተች የሚያደርግ የፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት አሠራርም በአገራችን ተዘርግቷል። አልፈን የምንሄደው ሰሌዳ የእኛ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ዕቅዱ የሚዘጋጀው ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ብንሄድ ወጡ በስሎ ጨው ለመጨመር እንደመምጣት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ጣታችንን ወደ ሌላ ስንቀስር የቀሩት ጣቶች ወደ እኛ ናቸው። መንገዱን የዘጋው የእኛ መደብ ነበር።

አያቶቻችን ሰፈር ሲቆረቁሩ በቤቶቹ መካከል ጀፎረን ትተውልናል። ሣር የለበሰ፣ ሰፊ፣ የሁሉም የሆነ መንገድ ነው። ሠርጉ፣ ለቅሶው፣ ሸንጎው እዚያ ነው። የአንዱ ቤት በእሳት ቢያያዝ ሰፈሩ ሁሉ ሮጦ የሚደርስበትም እሱ ነው። ያን ስፋት ያስጠበቀው በጀት አልነበረም። አጥሩን ወደ ጀፎረው የገፋ ሰው በባህላዊው ደንብ ይጠየቃል፣ አጥሩንም ይመልሳል። ከዚያ ሰፈር የወጣን እኛ ከተማ ገብተን በሁለት ሜትር መንገድ ላይ ሸራ ወጠርን። ምክንያቱ ይታወቃል። ሸራ የምንወጥረው ልጆች ስላሉን፣ የተሻለ ቦታም ስላልተሰጠን ነው። ሆኖም እሳቱ ምክንያታችንን አልጠየቀም።

የዛሬው ውሳኔ እዚህ ላይ ያስቸግራል። የእሳት መኪና መግቢያ ይከፈት ብለን ከጠየቅን፣ መጀመሪያ የሚነሣው የእኛው መደብ ሊሆን ይችላል። በኮሪደር ልማት ሰበብ ቦታ ያጡ ሴቶችን ያየች አባል «ራሳችን ላይ ጣት እንጠቁም እንዴ?» ብላ ብትጠይቅ ፍርሃቷ ልክ ነው። ሥራ አመራሩ ይህን ሦስት ጊዜ ተወያይቶበታል፣ ድምፅም ከፍ ብሏል። የደረስንበት ይህ ነው፤ ዝም ብንል መደቡን ለጊዜው እናተርፋለን፣ ሱቁን ግን በአንድ ሌሊት ልናጣ እንችላለን። ራሳችን ለክተን፣ ራሳችን ሐሳብ ይዘን ብንሄድ ግን ተነሺ ሳንሆን ተደራዳሪ እንሆናለን።

በማኅበራችን ውስጥ ሌላም ክርክር አለ። አንዳንዶቻችሁ «መንግሥትን ጠብቀን የትም አንደርስም፤ ገንዘብ አዋጥተን የራሳችንን ፓምፕ እንግዛ» ብላችኋል። ሌሎቻችሁ ደግሞ «እሳት ማጥፋት የመንግሥት ሥራ ነው፤ አንዲት ሳንቲም አናወጣም» ብላችኋል። ሁለቱንም ሐሳብ አከበርን፣ ሁለቱንም ግን እንዳለ አልተቀበልንም። ፓምፕ ብንገዛ ማን ሌሊት ይነዳዋል? ማን ይጠግነዋል? በሦስተኛው ዓመት ግቢያችን ውስጥ ዝጎ ይቆማል። ከዚያ የከፋው ደግሞ «ማኅበሩ ይዞታል» ተብሎ ከከተማው በጀት ላይ ጥያቄው ይወጣል። በሌላ በኩል ምንም አናወጣም ማለት የራሳችንን ምድጃና የራሳችንን ሽቦ ለመንግሥት እንደመስጠት ነው።

ለዚህ ከአባቶቻችን የምንማረው አለ። በ1950ዎቹ የጉራጌ ተወላጆች ተደራጅተው ለመንገድ ሥራ ገንዘብ ሲያዋጡ፣ መንገዱን ብቻቸውን ለመሥራት አልነበረም። እኛ ይህን እናወጣለን፣ መንግሥትም የድርሻውን ያውጣ ብለው ነው። የእኛም መንገድ ይህ ይሁን ነው የምንለው፤ የእኛን እንሥራ፣ የእነሱን እንጠይቅ፣ አንዱ የሌላውን አይሸፍን።

ለውሳኔ የቀረበው ሐሳብ አራት ነገር አለው።

አንደኛ፣ የየራሳችን ሱቅና ወጥ ቤት። በእያንዳንዱ የሱቅ ተራ አንድ እሳት ማጥፊያ ሲሊንደር በጋራ ይገዛል፣ በየሱቁ ደረቅ አሸዋ የሞላ ባልዲ ይቀመጣል። ሱቅ ሲዘጋ ማብሪያ ማጥፊያው ብቻ ሳይሆን ዋናው ቆጣሪ ይጠፋል። ዘይት በእሳት ቢያያዝ ውሃ አይደፋበትም፤ በክዳን ወይም በረጠበ ወፍራም ጨርቅ ይታፈናል። የቡታጋዝ ጎማ በየጊዜው ይታያል። መስቀል ሲደርስ፣ ዘመድ ሁሉ ወደ አገር ቤት ሲገባና በየቤቱ እሳት ሲበዛ፣ ይህን የሚያስታውሱ አባላት በየሰፈሩ ይመደባሉ።

ሁለተኛ፣ መንገዱ። የእሳት አደጋ መኪና ራሱ 2 ሜትር ተኩል ያህል ስፋት አለው። ስለዚህ በሁለቱም ከተሞች አባሎቻችን ባሉበት የገበያ መንገድ ላይ 4 ሜትር ክፍት እንዲሆን መደባችንን እንሰበስባለን። ለክተነዋል፤ 11 አባሎቻችን መደባቸው ይነካል። ለእነሱ ምትክ ቦታ በጽሑፍ እንዲሰጥ በማኅበሩ ስም እንጠይቃለን። ምትኩ እስኪገኝ ድረስ ደግሞ የሌሎቻችንን መደብ በፈረቃ ይጠቀማሉ። ይህ ለሌሎቻችን የገቢ ቅነሳ ነው፤ ሳንደብቅ ነው የምንነግራችሁ።

ሦስተኛ፣ በጀቱ። ከእያንዳንዱ ከተማ አምስት አባላት ተመርጠው የበጀት ዝግጅቱ ሳያልቅ አራት ጥያቄ በጽሑፍ ያቀርባሉ። የእሳት አደጋ ሥራ ማስኬጃ ለብቻው መስመር አለው ወይ? የሌሊት ተረኛ አለ ወይ፣ ስንት ሰው? መኪናው ከገበያው በስንት ደቂቃ ርቀት ላይ ካለ ቦታ ውሃ ይቀዳል? ለመንገድ ሥራ ወይም ለኮሪደር ልማት መሬቱ ሲቆፈር የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ አብሮ ይቀበራል ወይ? የመጨረሻውን በተለይ እንግፋበት። አንድ ጊዜ ተቆፍሮ የተዘጋ መንገድ እንደገና ሲቆፈር ወጪው ድርብ ነው። አሁን ቆፋሪው ሳይሄድ መጠየቅ ይሻላል።

አራተኛ፣ የራሳችን መጠባበቂያ። ከብድር ወለድ ገቢያችን ጥቂቱ በየዓመቱ ለእሳት ለብቻው ይቀመጥ። ለመኪና መግዣ፣ ለፓምፕ መግዣ አይደለም። ሱቋ የተቃጠለባት አባል ዕዳዋ እንዲቀልላት ነው። የማይቃጠለውን ብድር የምናቃልለው በዚህ ነው።

ለጋሾቻችንን አንድ ነገር እንጠይቃችሁ፣ በፍቅር ነው። መኪና፣ ፓምፕ ወይም መሣሪያ ለመስጠት ስታስቡ፣ ርክክቡ ላይ ፎቶ ከመነሣታችን በፊት የሚቀጥሉትን ዓመታት ሥራ ማስኬጃ ማን እንደሚከፍል በፊርማ ጠይቁ። እኛንም ጠይቁን። ስጦታው ትንሽ ሆኖ ወጪው የተሸፈነ ቢሆን ይሻለናል። ትልቅ ሆኖ ጎማ የሚገዛለት ያጣ መኪና ሐዘን ነው።

ለባለሥልጣኖቻችንም የምንለው ወቀሳ ብቻ አይደለም። የከተማ ገቢ ውስን ነው፤ ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ውሃውም ከዚያው ነው የሚጠብቀው። ለእሳት ሲጨመር ከሌላ ይቀነሳል። እኛም ወጪ የምንደለድል ሰዎች ስለሆንን ይህን እናውቃለን። የምንጠይቀው ሁሉ ይሰጠን ሳይሆን፣ ምን እንደተመደበና ምን እንደቀረ በግልጽ ተጽፎ ከእሳቱ በፊት እንድንነጋገርበት ነው። ሳይመደብ የቀረ ነገር ካለም እሱም ይጻፍ፤ ያን ጊዜ በየሱቃችን ምን ማድረግ እንዳለብን እናውቃለን።

አባላችን አሁን በተዋሰችው አንድ የስፌት መኪና እየሠራች ነው። ከ38ቱ ሺህ 9 ሺህ ብር ከፍላለች። አንድም ወር አላሳለፈችም። መደባቸው መንገዱን ዘግቶ ከነበሩት አራት አባላት ሁለቱ ውሳኔያችንን ሳይጠብቁ ሸራቸውን አስገብተዋል፤ ሁለቱ ደግሞ ምትክ ሳይሰጠን አንነሣም ብለዋል። የሁለቱም ወገን ሐሳብ ዛሬ ይሰማል። ሥራ አመራሩ አራቱን ነጥብ አንድ ላይ አድርጎ አቅርቧል፤ ነጠላ ነጠላውን ልታሻሽሉ፣ ልትጥሉም ትችላላችሁ።

ድምፅ የምንሰጠው ከምሳ በፊት ነው። እጅ ከማውጣታችሁ በፊት በአጠገባችሁ ያለችውን ሴት ሱቋ የትኛው መንገድ ላይ እንደሆነ ጠይቋት።